የእድራችን ገጽ ቀለም

የእድራችንን ዌብሳይት የምትሠራው ልጄ ኤፍራታ ናት። ሰው ሲሞት ገጹ ሦስት ቀን ጥቁር ይለብሳል። ይህን ያስለመደው የእድሩ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ መንገሻ ነው። በሌላው ጊዜ አረንጓዴ እንዲሆን የመረጠውም እሱ ነው።

የወይዘሮ የሺሀረግ ባል የሞቱ ጊዜ ኤፍራታ «ያግኙን» የሚለውን ቁልፍ ማጥቆር ረሳች። «ባሌን ቀብሬ ስመለስ እናንተ አረንጓዴ ለብሳችሁ ጠበቃችሁኝ» አሉ ሴትዮዋ በስብሰባ መሃል። ልጄ አፈረች። ቀለሙ በየቦታው ስለተጻፈ አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር የምትቀይረው።

በዚያው ሰሞን እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ከምትማር ጓደኛዋ ኮምፓስ የሚባል ፍሬምዎርክ ይዛ መጣች፤ የገጽን መልክ ለመጻፍ የሚረዳ ነው አለችኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ውስጥ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ስትጭነው አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያለውም እንዳይጠፋብሽ።»

«ማም፣ ሪላክስ። ኮፒ አለኝ።»

«ኮፒውስ ቢጠፋ?»

ሳቀችብኝ። ለቀለሙ ስም አወጣችለትና አንድ ፋይል ውስጥ አንዴ ጻፈችው። በቀረው ቦታ ሁሉ ስሙን ብቻ ጠራች። ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ፍሬምዎርኩ ሌላውን ራሱ ይጽፈዋል። «ትራይ ኢት» ብላ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋችው። አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፣ የቀለም ስም በእንግሊዝኛ መጻፍ አያቅተኝም። አረንጓዴውን አጥፍቼ ጥቁር ጻፍኩ። ገጹ ከላይ እስከ ታች ጠቆረ።

«መልሺው» አልኳት። «ሟርት ነው።»

መንገሻ ያን ጊዜ ታሞ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። በስልክ ስነግረው ሳቀ። «አንቺ መቼም ቀድመሽ ነው የምታለቅሺው። ደግ ነው፣ እኔ ስሞት ቁልፍ አይረሳም።»

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ኤፍራታ በረንዳው ላይ ሆና በስልክ ታወራለች። ኮምፒውተሯ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነው። የእድሩ ገጽ ጠቁሯል፤ የሟች ስም ገና አልተጻፈበትም።

የሌላ ሰው ይሁን ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የእድሩን ሽማግሌዎች በየተራ አሰብኳቸው። የመንገሻ ሚስት ብሩክታይት ጋ ደወልኩ። አታነሳም።

ያቺን መስመር ፈልጌ አገኘኋት። ጥቁሩን አጥፍቼ አረንጓዴ ጻፍኩና ሴቭ አደረግኩ። ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳይቀር። ቁጭ ብዬ አየሁት።

የበረንዳው በር ሲንቀሳቀስ መልሼ ጥቁር ጻፍኩ። መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው፣ በጠዋት። ልጄ «እናቴ በእኔ ጥፋት ያለጊዜው መርዶ ሰማች» ብላ ዕድሜዋን ሙሉ እንድትጸጸት አልፈለግሁም።

ኤፍራታ ገብታ ኮምፒውተሩን ከደነችው። ሄዳ ፊቷን ታጥባ መጣች። ራት አሙቃ አቀረበችልኝ።

«አጎትሽ እንዴት ዋለ?»

«ተኝቷል እማዬ። ብዪ እንጂ። በደንብ ብዪና ጋደም በዪ።»

አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልቀላቀለችበትም።

በላሁላት።