የጄዝሪን ምላስ

የልጅ ልጄን ምላስ ቅዳሜ ሊቆርጡት እንደሆነ የሰማሁት ከሰል እያራገብኩ ነው። ልጄ ሮዌና ከሥራ ገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ሳሙና አልቋል እንደምትል ሁሉ፣ "ቅዳሜ ጄዝሪንን ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ፤ ከምላሷ ሥር ያለችውን ክር ትንሽ ያላላላታል" አለችኝ። ያላላላታል። ቃሉን ያመጣችው ከሐኪሙ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዓሣ ስበልት ኖሬአለሁ፤ የሚያላላ ቢላ አላየሁም። ቢላ ይቆርጣል።

"ምን ሆና?" አልኳት።

"አትናገርማ። እኩዮቿ ሲያነቡ እሷ የእንግሊዝኛውን 'አር' ማለት አቅቷታል። ምላሷ ታስሮ ነው።"

ማራገቢያውን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጎረቤቴ ዲታስ ከአጥሩ ማዶ ልብስ ማስጣቷን አቁማ ትሰማ እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ በማግስቱ በአክብሮት ስሜን ጠርታ "ናንግ ኢሲንግ፣ ትናንት ዓሣውን የጠበስሽው በከሰል ነው ወይስ በአፍሽ?" ብላኛለች።

እኛ ያለንበት ደሴት፣ ማክታን፣ እንግሊዝኛ ይሸጥበታል። ኮርያዎች ልጆቻቸውን እየያዙ ይመጣሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲማሩ እናቶቹ በር ላይ ይጠብቃሉ። እኔ በሩ አጠገብ የተጠበሰ ዓሣና ፑሶ እሸጣለሁ። የኮኮናት ቅጠል እንደ ትንሽ ቅርጫት እጎነጉናለሁ፣ ሩዝ እሞላዋለሁ፣ እቀቅላለሁ። ሮዌና እዚያው ግቢ ውስጥ ለልጆቹ አነጋገር ታስተምራለች። የምላስ ማስቆረጡንም ወሬ የሰማችው ከአንዷ ኮርያዊት እናት ነው። በአገራቸው ለእንግሊዝኛ ብለው የልጅ ምላስ የሚያስቆርጡ ሰዎች አሉ አለቻት። እሷም ጥሩ ነገር የሰማች መስሏት ይዛልኝ መጣች።

ሮዌና ከዚያ በፊት ከተማ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የአሜሪካ ሰዎች ስልክ የሚመለስበት ቢሮ ነበረች። እንደነሱ ለመናገር ያልሞከረችው የለም። እርሳስ በጥርሷ ነክሳ ታነባለች። መስታወት ፊት ቆማ እንደ ወጥመድ ዓሣ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከመስታወቱ አናት ላይ ቀጭን ወረቀት በክር አንጠልጥላ፣ 'ፐ' ስትል ወረቀቱ በትንፋሿ ካልተነቃነቀ እንደገና ትላለች። እኛ 'ፐ' ስንል ትንፋሽ አናባክንም። ወረቀቱ ዝም ይላል። እሷ ግን እስኪወዛወዝ ድረስ ትቆማለች፤ ሩዙ ይቀዘቅዛል።

ለራሷ ስታደርገው አንድ ቃል አልተናገርኩም። ሥራዋ ነው። ጄዝሪን ገና አፏን ስትፈታ ግን ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ። ከልጅቷ ጋር ቢሳያ መናገር ክልክል ሆነ። ቢሳያ ቋንቋችን ነው፤ እኔ ሌላ የለኝም። እሺ ብዬ በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ ላናግራት ስል እሷም ተከለከለች። የኔ አነጋገር ይጋባባታል ተባለ። እንደ እከክ።

"ታዲያ በምን ላናግራት?" ብላት፣ "ቪዲዮ ክፈቺላት" አለችኝ።

ልጅቷን ከጠዋት እስከ ማታ የምይዛት እኔ ነኝ። አባቷ መርከብ ላይ ነው፤ ድምፁ በስልክ ይመጣል፣ እሱም ኔትወርክ ካለ። የማበላት እኔ፣ ገላዋን የማጥባት እኔ፣ ስትታመም ሌሊቱን ደረቴ ላይ የማስተኛት እኔ። እንደ ድመት በዝምታ ላሳድጋት ነው? ሕጉን አንድም ቀን አላከበርኩትም። አልጸጸትምም። ሮዌና ከበር ስትወጣ እኔና ጄዝሪን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ቅጠል እየጎነጎንን ስንለፈልፍ እንውላለን።

ልጅቷ አፈኛ ናት። የዲታስን አውራ ዶሮ ታሪክ ትናገራለች፣ ማን ከማን እንደተጣላ ትናገራለች፣ ጥርስ የሌላቸውን የዓሣ ነጋዴ አነጋገር አስመስላ ሆዴን ታሳምመኛለች። የስሟን 'ሪ' እንደ ድንጋይ ታንከባልለዋለች። እናቷ ስሟን ስትጠራ 'ሪ'ውን ጉሮሮዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ልጅቷ የተጠራችው ሌላ ሰው ይመስል ዘወር ብላ ታያለች።

ማታ እናቷ ስትገባ ያ ሁሉ ወሬ ጥርቅም ይላል። መስታወቱ ፊት ትቆማለች። ሮዌና "ራቢት በይ" ትላታለች። ልጅቷ ወረቀቱን ታያለች። "ፐፐር በይ።" ወረቀቱን ታያለች። ወረቀቱ ካልተነቃነቀ የእናቷ ፊት እንደሚጠቁር ታውቃለች፤ ስለዚህ አፏን ባትከፍት ይሻላታል። ይህን ለማወቅ ሐኪም ቤት መሄድ አያስፈልግም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል።

ያን ዕለት ከሰሉ ፊት፣ "ልጅቷ ደህና ትናገራለች" አልኳት።

ሮዌና ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። "እኔንም ደህና ትናገሪያለሽ ብለሽኝ ነበር" አለችና ገባች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ሁሉን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በቢሳያ እንደምናወራ። ዋጥኩት። ከነገርኳት ልጅቷን ከኔ ነጥቃ ሌላ ሞግዚት ትቀጥራለች። ካልነገርኳት ምላሷ ይቆረጣል። እንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ የሚከት ልጅ ወልጄ አሳደግኩ ብዬ ሌሊቱን በንዴት ስገላበጥ አደርኩ።

ቅዳሜ "አንቺ ሥራሽ ላይ ቆዪ" አለችኝ። እኔ ቀድሜ የሕዝብ ማመላለሻው ጂፕኒ ላይ ተሳፍሬ ተቀመጥኩ።

ሐኪም ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ዓሣ ለማቆየት የሚሆን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ልጅም አይጠላም። ጄዝሪንን አፏን አስከፍቶ በእንጨት ምላሷን ቀና አደረገና አየ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ስሟን ጠየቃት። እናቷን አየች። ዝም። ስንት ዓመትሽ ነው አላት። ዝም።

"ታያለህ?" አለችው ሮዌና።

ሐኪሙ ክሯ ብዙም አጭር እንዳልሆነች፣ ቢተዋትም ምንም እንደማትሆን፣ እናትየው ከፈለገች ግን ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ ነገር መሆኑን ነገረን። ሮዌና ይቆረጥ አለች። ለማሰብ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። ነርሷ መቀሱን በሳህን ይዛ ስትመጣ ጄዝሪን አየችውና በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

እኔ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። በቢሳያ፣ በደንብ ጮክ ብዬ፣ "ጄዝሪን፣ የዲታስ አውራ ዶሮ ምን አደረገ? ለዶክተሩ ንገሪው" አልኳት።

እናቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ እጇን ከአፏ አነሳች።

ወሬው ወረደላት። የዲታስ ባል ለውድድር ብሎ በቫይታሚን ያሳደገው ዶሮ፣ አንዲት አሮጊት ዶሮ ክንፏን ብታራግፍበት ፈርቶ እንደሮጠ፣ የኛ የሩዝ ድስት ውስጥ እንደገባ፣ ሰውየው "ተዋጊዬን ቀቀላችሁት" እያለ እንደመጣ፣ ሎላ በማራገቢያ ራሱን እንዳለችው፣ ዶሮው 'ኩርርር' እያለ ሩዝ በአናቱ ይዞ እንደበረረ። ሎላ የምትለው እኔን ነው። 'ኩርርር' ስትል ምላሷ እንደ ሞተር ነው የሚንቀጠቀጠው። ነርሷ ሳህኑን አስቀምጣ ግድግዳ ተደግፋ ትስቅ ጀመር።

ሐኪሙም ሳቀ፤ በቢሳያ ነው የመለሰልን። "የይቺ ምላስ ታስሯል ካላችሁኝ የኔን ምላስ ምን ልትሉት ነው?" አለ። ሮዌና አልሳቀችም። ፊቷ ከሰል መስሏል። "ይቆረጥ ብያለሁ" አለች እንደገና። እሱም ጓንቱን አወለቀና፣ ምሳዬን በልቼ እስክመጣ ተመካከሩ ብሎን ወጣ።

ክንዴን ይዛ ወደ መንገዱ አወጣችኝ። ጄዝሪን ቀሚሴን ይዛ ትከተላለች። ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት በር ላይ ተማሪዎቿን የሚያመጡ ሁለት ኮርያዊት እናቶች ቆመዋል፤ ሮዌና አየቻቸው፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ በዚያ በተለሰነ እንግሊዝኛዋ አንድ ረጅም ነገር ተናገረችኝ። አንዱንም አልያዝኩም።

"እኔን ስትሰድቢ እንኳ በማይገባኝ ቋንቋ ነው?" አልኳት። "በወለድኩሽ ቋንቋ ስደቢኝ።"

ያኔ ፈነዳች። በቢሳያ። ያውም የከተማው ሰው በሚናገረው አይደለም፤ በትውልድ መንደራችን፣ ቃሉን ጎትተን ጫፉን በምንጥለው አነጋገር።

"አበላሸሻት! ስንት ዓመት ስለፋ ከጀርባዬ አበላሸሻት! በዚያ ቢሮ ምን እንዳደረጉኝ ታውቂያለሽ? አለቃዬ ስልክ ስመልስ የተቀዳውን ድምፄን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ከፈተው። ስሙት አላቸው። የገጠር ዶሮ ብሎ ስም አወጣልኝ። ሳቁ። አጠገቤ የሚቀመጡት፣ ምሳ አብረውኝ የሚበሉት ሳቁ። ወር ሙሉ ኮሪደር ላይ ሳልፍ እንደ ዶሮ ጮኹብኝ። እኔ ደህና የምናገር መስሎኝ ነበር። አንቺ ነሽ ደህና ትናገሪያለሽ ያልሽኝ!"

ይህን ነግራኝ አታውቅም። ሥራ የቀየረችው የሌሊት ፈረቃ ሰልችቷት ነው ብላኝ ነበር፤ እኔም አምኜ ተቀምጫለሁ።

ሌላ እናት ብትሆን ታቅፋት ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። "ማን ነው?" አልኳት።

"ማን ምን?"

"አለቃው። ስሙን ንገሪኝ።"

"ናናይ፣ እናቴ፣ ስንት ዓመት አለፈው።"

"ስሙን ንገሪኝ አልኩሽ። የትኛው ፎቅ ነው የሚቀመጠው? የሳቁትንም ንገሪኝ። መቀስ ከፈለግሽ የሚቆረጠውን ምላስ ላሳይሽ፤ የሳቁትን ሰዎች ምላስ ነው። ይቺ ልጅ ምን አጠፋች? እነሱ ሳቁብሽ፣ አንቺ የገዛ ልጅሽን ይዘሽ መቀስ ፍለጋ መጣሽ? በዚህ በተናቀ አፌ ነው ፑሶ ፑሶ ብዬ ጮኼ ያስተማርኩሽ!"

"እንደኔ እንዳትሆን ብዬ ነው!"

"እንዳንቺ ብትሆን ምን አለባት? ያንን ሁሉ ችለሽ ቆመሻል። እንደነሱ ከምትሆን ይሻላታል!"

መንገደኛው ቆሟል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያሉት ሴቶች ዳቦአቸውን እንደያዙ ቀርተዋል። ሮዌና አየቻቸው፤ ግድ አልሰጣትም፤ ወይም መመለስ አቅቷታል። የድሮውን ቂም ሁሉ አነሳች፤ ስለ አባቷ ጀመረች፣ ስለ ልጅነት ጫማዋ ጀመረች፣ እኔም የሚመለሰውን መለስኩላት። እንዲህ ተጣልተን አናውቅም። ለስንት ዓመት በትህትና ተዘጋግተን ነው የኖርነው።

መካከላችን ጄዝሪን ቆማ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ቀሚሴን ጎተተችኝና፣ ሚስጥር እንደሚናገር ሰው፣ "ሎላ፣ እማዬም መናገር ትችላለች እንዴ?" አለችኝ።

ሮዌና ሰማቻት።

ልጅቷ እናቷን ዓይኗን ሳትነቅል አየቻትና፣ "እማዬ፣ ስለ ዶሮው ሰማሽ?" አለቻት። በቢሳያ። በቀጥታ ለእናቷ እንዲህ ያለ ሙሉ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ሮዌና ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፤ ላብም ይሁን ሌላ አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም። ሐኪሙ ከምሳ ሲመለስ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን፣ እጇን አወዛወዘችለት፤ ይቅር በቃ እንደማለት። ከዚያ ወደ ቤት የሚሄደውን ጂፕኒ አስቆመችና ልጇን አንስታ ገባች። እኔም ከኋላ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ጄዝሪን የዶሮውን ታሪክ ለሾፌሩ ትነግረው ነበር።

ታረቃችሁ ወይ የሚለኝ ሰው አለ። አልታረቅንም። የዚያን አለቃ ስም እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ በዚህ አሁንም እበግናለሁ። ቢሳያ ክልክል ነው የሚለው ሕግ ግን ዳግመኛ ከአፏ አልወጣም። ልጅቷ ማታ ማታ በቢሳያ ስትለፈልፍባት ትሰማታለች፤ አንዳንዴ ሳታውቀው ትመልስላታለች።

ወረቀቱ ግን በማግስቱ ጠዋትም መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በጠስኩትና ከሰል አቀጣጠልኩበት። ማታ ስትገባ የተበጠሰውን ክር አየች፣ እኔን አየች፣ ሌላ ወረቀት ቀድዳ ሰቀለች። ጄዝሪንን እዚያው አቁማ "ፐፐር" አስባለቻት፤ ልጅቷም አለች፤ ወረቀቱ ትንሽ ነቅነቅ ሲል ሁለቱም ሳቁ። ሰምቻለሁ። ጠዋት ይህንንም አቃጠልኩት። እሷም ሌላ ሰቀለች።