ጠዋት የተበጠበጠው መድኃኒት

ኦራታይ ደክሟታል። የዛሬ ድካም ቢሆንማ ተኝታ በወጣላት ነበር፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ነው እንጂ። ያን ሁሉ ዘመን ኮን ኬን ከተማ ባለው ላብራቶሪ ከበሽተኛ የተቆረጠ ሥጋ ስትፈጭ ኖራለች። ሥጋ ደግሞ ጉደኛ ነው፤ ከሰው ከተለየበት ደቂቃ ጀምሮ የገዛ ፕሮቲኑን ይበላል። ይህን የሚገታ መድኃኒት አለ፤ እሱም ውሃ ከነካው ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቃል። ስለዚህ የሚጨመረው ልክ ሊፈጭ ሲል ነው። ይህን ለስንቱ ያስተማረችው እሷው ናት።

ባለፈው ማክሰኞ የዓሣ አጥማጁ የቡንሎም ጉበት ቁራጭ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ተባለና መድኃኒቱን በጥብጣ ጠበቀች። ቀዶ ጥገናው ዘገየ። ቁራጩ የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። እግሯ አብጦ፣ ዓይኗ እየተከደነ፣ በዚያው ጠዋት በበጠበጠችው መድኃኒት ፈጨችው። ሌላ ቁራጭ የለም። ቡንሎም በሁለተኛው ቀን ሞተ። የጎዳው ከጥሬ ዓሣ የሚገባ የጉበት ትል ነው። ቁራጩ ለምርምር እንዲውል ሲፈርም፣ "ጥሬ ዓሣ አልተው ላሉት ልጆቼ ይጥቀም" ብሎ ነበር።

ዛሬ ውጤቱ ወጣ። መስመር መስመር ሠርቶ መታየት የነበረበት ፕሮቲን፣ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ሻይ ተለውሷል።

"ወይ ጉዴ! ጠዋት የበጠበጥኩትን!" አለች ኦራታይ። በሃያ ዓመት የምታንሳት ባልደረባዋ ካኒካ መሬት መሬት ታያለች። "አንቺ፣ አይተሽ ነበር?"

"አይቻለሁ፣ ፒ።" ታላቋን እህቴ ብላ መጥራቷ ነው።

"ታዲያ አፍሽን ምን ለጎመው?"

"ይሉኝታ ነዋ! ባለፈው ወር ሰው ፊት ባርምዎት ሦስት ቀን አኮረፉኝ እኮ።"

እውነቷን ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ላብራቶሪ ሠርቶ አያውቅም። ኦራታይ ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋት።

"ሁለተኛ ስሳሳት አይተሽ ዝም ብትዪ አልምርሽም!"

"እሺ፣ ፒ።"

ምሳ ሳይደርስ የቡንሎም ሚስት ካምፋን መጣች። ጫማዋን ደጅ አውልቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የሩዝ ቅርጫቷን በሁለት እጇ አቀረበች።

"አስከሬኑን አቃጥለን ጨረስን። እናንተንም አስቸገርኩ። እንዲያው የእሱ ነገር ለሰው ጠቀመ ወይ?"

ኦራታይ እውነቱን ልትነግራት ቆርጣ ነበር። መረብ ሲጎትቱ የኖሩትን የተሰነጣጠቁ እጆች ስታይ ልቧ ከዳት።

"በጣም እንጂ! በጣም ጠቀመ" አለች ፈገግ ብላ።

"አልጠቀመም፣ እትዬ" አለች ካኒካ ከኋላ። "እኛ አበላሸነው።"

በኦራታይ መልስ ፈክቶ የነበረው የካምፋን ፈገግታ ካለበት አልተነቃነቀም። ቅርጫቱን ወደ ኦራታይ ጠጋ አደረገችው።

"ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም። ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ።"

ምነው በሰደበችኝ! አለች ኦራታይ በልቧ። ሩዙን በጣቷ ጠቅልላ ጎረሰች።