ለመመለስ የምትሄድ ሴት

ስልኩ ሲጮህ የዓለምዘርፍ የወፍጮውን ሞተር አጠፋች። ደዋይዋ ሂዊ ናት፤ ከስደት የተመለሱ ሴቶችን በሚረዳው የደብረ ማርቆስ ፕሮጀክት የምትሠራ ልጅ።

"እታለም፣ ቪዛውን ከለከሉሽ። አትመለስም ብለው ነው" አለቻት።

እንግዲህ ጉድ ነው። እንድትናገር የተጋበዘችበትን ስብሰባ በአገሩ የጠራው የውጭ መንግሥት፣ ፖሊሲዬ ሴቶችን ያስቀድማል፣ ስለ ስደት የማወጣውንም ሕግ ከራሳቸው ከሴቶቹ አፍ ሰምቼ ነው የማወጣው ያለ ነው። እሷንም ከአማኑኤል ከተማ ድረስ የጠራት ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ያየችውን እንድትነግረው ነበር። ጠሪውም ራሱ፣ ከልካዩም ራሱ።

የባሰው ደግሞ ቪዛው ሳይመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሸኝቷታል። ለአንድ ሳምንት ነው የምሄደው ብትል ማን ሊሰማት! ጎረቤቱ እየተጠቃቀሰ መረቃት፤ አጎቷ አቶ ወልደ ሩፋኤል ስትደላደል ልጃቸውን እንድትወስድላቸው አደራ አሏት። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ እንኳ ዳግም እንደማያይዋት ሆነው አለቀሱ። እሷ ግን እውነቷን ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ደጅ የተንከራተተች ሴት እናቷንና ወፍጮዋን ጥላ የትም አትቀርም። ይህን የሚያምናት አንድ ሰው አጥታ አንጀቷ አረረ።

ከሰዓት በኋላ ሂዊ ራሷ በሚኒባስ መጣች። ለስብሰባው ንግግሯ በስልክ ተቀርፆ ይላክ ተብሏል። ለወፍጮ ቤቱ የሚሰጠው ድጋፍ ይቀጥል አይቀጥል የሚባለውም እዚያው ስብሰባ ላይ ስለሆነ፣ እንቢ ብትል አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች እንጀራ ይቀራል።

"በግል ጉዳይ መምጣት አልቻልኩም ብለሽ ጀምሪ" አለች ሂዊ ስልኩን እያስተካከለች።

"ምን የግል ጉዳይ አለኝ?"

"ተይ እታለም፣ እነሱን ማስቀየም አይበጀንም።"

የዓለምዘርፍ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ስልኩ ቀና አለች።

"የቀረሁት ከልክላችሁኝ ነው" አለች። "የምመጣው ተናግሬ ልመለስ ነበር። ቤት አለኝ፣ እናት አለችኝ። ሴቶችን እንሰማለን ካላችሁ መጀመሪያ ይቺን እመኑኝ።"

ሂዊ መቅረጿን አቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ "የእውነት ግን፣ ትመለሺ ነበር?" አለቻት።

የዓለምዘርፍ ቅስሟ ስብር አለ። ከሌላ ሰው ቢመጣ ባልገረማት፤ ይቺ ግን ገመናዋን ሁሉ ያወራቻት ልጅ ናት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"አጥፊው" አለቻት። "ያልሽኝን እላለሁ፤ እንደገና ጀምሪ።"