እጅ ማሟሻ

የማህፀን እጢ ሊያስወጡ የመጡት ልብስ ሰፊ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ከወጡ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ የሚያየኝ ማን ማን ነው?»

ሲስተር ቆጠረችላቸው፤ ፕሮፌሰሩ፣ ረዳታቸው፣ ሰመመን ሰጪውና እሷ። ተማሪዎቹን አልቆጠረችም፤ ተማሪ ተቆጥሮ አያውቅም። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት የሰው ገላ ሲለኩ ኖረው የራሳቸውን ለማንም አሳይተው አያውቁም። አራት ሰው ስለበዛባቸው ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ አደራ» አሉ። ሲስተርም «አደራዎ በኔ» አለች። ሰመመኑ ገባ፤ ዓይናቸው ተከደነ።

በሩ ተከፈተና ሰባት ተማሪዎች ገቡ።

ሲስተር ይህንን አሥራ አንድ ዓመት አይታለች። ማየት ብቻም አይደለም፤ የጓንቱን ካርቶን ከፍታ የምታቀርበው እሷው ናት። ፕሮፌሰሩ ነገሩን «እጅ ማሟሻ» ይሉታል፣ የአዲስ ድስት ነገር ይመስል። የተኛች ሴት አትኮማተርም፣ «ቀስ በል» አትልም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ በተራው ሁለት ጣቱን ያስገባል፣ ማህፀኑን ይዳብሳል፣ «ገባኝ» ይላል፣ ዞር ይላል። ለዚሁ ትምህርት ተብላ የመጣች ባለማህፀን የላስቲክ አሻንጉሊት ፎቅ ላይ አለች። እሷ እንዳትበላሽ ከነሽፋኗ ተቆልፎባታል።

ፈቃድ አለ ወይ ለሚል ሰው፣ አለ። ሴትዮዋ ጠዋት ከፈረሙት አራት ገጽ ሦስተኛው ላይ፣ ከደም ምርመራው ዝቅ ብሎ፣ «ለትምህርት አገልግሎት» የሚል ግማሽ መስመር አለ። ምን ማለት እንደሆነ የነገራቸው የለም።

የመጀመሪያው ተማሪ ጨረሰ። ሁለተኛው፣ ጓደኞቹ ረጅሙ የሚሉት፣ ጣቱ እዚያው እያለ ዘወር ብሎ ስለ ምሳ አንድ ነገር ሹክ አለ። አጠገቡ ያለው ሳቀ። አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለ ምሳ ሁሌም ይወራል። ዛሬ ግን ሲስተር ሳቁን ጠላችው። የጠላችው ልጁን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የገዛ እጇን አየችው፤ ለሦስተኛው ጓንት ዘርግቷል።

ጓንቱን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው።

«ምነው ሲስተር፣ አለቀ እንዴ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«አላለቀም። አራት ሰው ነው የሚያይዎት ብያቸዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ለማን እንዳለች መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እንደ መሳቅ አሉ። ሴትዮዋ ተኝተዋል፣ የሚሰማቸው ነገር የለም፣ ነገ እጁን ያላሟሸ ሐኪም ሴት ቢገድል ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ ወይ፣ እያሉ ወረዱባት። ከፊሉ እውነት ነው። ያልሰለጠነ እጅ የሚያፈሰውን ደም ስታጥብ ለኖረች ሰው ይህ አይነገራትም።

«ልክ ነው» አለች። «እንግዲያው ነቅተው ይጠየቁ። እሺ ካሉ ጓንቱን ለልጆቹ እኔው አጠልቅላቸዋለሁ።»

ሰመመን ሰጪው ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩና የቀሩትን አምስቱን አስወጡ። ከነገ ጀምሮ ልብስ ማጠቢያ ክፍል መመደቧን የነገሯት መቀስ አቀብዪኝ በሚሉበት ድምፅ ነው። አስከትለውም መቀስ አሏት። አቀበለች።

እጢው በደህና ወጣ። ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ ሲነቁ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ምላሳቸው እየተሳሰረ፣ ስለ እጢው አልጠየቁም።

«አራታችሁ ብቻ ነበራችሁ አይደል፣ ልጄ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሁሉም የሚለው እሱን ነው፤ ሕመምተኛን ማስጨነቅ ቁስል እንዳይድን ያቆያልም ይባላል። ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠችና ክንዳቸውን ያዝ አደረገች።

«አይደለም፣ እናቴ። ተማሪዎች ገብተው ነበር። ሁለቱ በጣታቸው ማህፀንዎን መርምረዋል። ሌሎቹን ከልክያለሁ፤ ለሁለቱ ግን ጓንት ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«እጅሽን አንሺልኝ» አሉ።

አነሳች። ከወንበሩ ግን አልተነሳችም፤ «ውጪልኝ» አላሏትም።