ከአስራ ሦስቱ አስራ አንዱ

«እንግዲህ ሁለት ሰው መቀነስ አለበት» አለ ሲራክ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ቀና አለ። ጥግ ላይ ካርታ የያዙት እንኳ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፍ አድርገው ዞሩ። የሚቀነስ ሰው በሁሉም ሆድ ውስጥ አለ፤ አፍ አውጥቶ የሚጠራው ግን ጠፋ።

የጭቃ ግድግዳ ወሬ አይከለክልም። ተሾመች እቤት ውስጥ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ውጭ የሚባለውን አንድ በአንድ ትሰማለች። ባሏን መኩሪያን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካምና እንዝርቷ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ጣቶቿ ግን ይህን አልሰሙም። ጭኗ ላይ ሆነው ባዶውን ያሾራሉ። ጎረቤቷ ሸዋረገድ የሐዘን መንቀጥቀጥ መስሏት ሁለት ጊዜ እጇን ያዝ አድርጋላታለች።

«ምንድነው የሚቀንሱት?» አለች ሸዋረገድ በሹክሹክታ።

«ሰው።»

«ከእድሩ?»

«ከህንድ ገናው።»

ሸዋረገድ አማተበችና የንፍሮውን ሳህን ወደ ተሾመች ገፋ አደረገችው።

የህንድ ገና ማለት ክሪኬት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ዱላ አለው፣ ኳስ አለው፣ ታዲያ ገና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ተብሎ። ሦስት እንጨት ይተከላል፤ አንዱ ጠፍጣፋ ዱላ ይዞ እንጨቱ ፊት ይቆማል፤ ሌላው ከወዲያ ማዶ ኳሷን መሬት አንጥሮ ይልካል፤ እንጨቱ ከተመታ ዱላ ያዡ ወጣ። የቀረው ደንብ በህንዶቹና በመኩሪያ መካከል ያለ ምስጢር ነበር።

መኩሪያ መካኒሳ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አትክልተኛ ነበር። እዚያ የሚያስተምሩት ህንዶች እሁድ እሁድ ይጫወታሉ። ሰው ሲጎድላቸው ዘበኛውን፣ ሹፌሩን፣ በመጨረሻም ሣር የሚያጭደውን መኩሪያን አስገቡ። ሌላው ለሻዩ ሲል ገባ፤ መኩሪያ ግን ተለከፈ። ህንዶቹ በሰማንያ ሦስት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዱላውንና ኳሱን ለእሱ ተዉለት። እሱም የላፍቶውን ገበሬ፣ ወዳጁን ዱጉማን ለምኖ፣ ጤፉ ታጭዶ ሲነሣ ማሳው ላይ ጨዋታውን ቀጠለ። ከህንዶቹ ጊዜ ጀምሮ እስከዚህ እስከ ሰማንያ ስምንት ጥር ድረስ፣ ህንዶቹን ሳይጨምር፣ የህንድ ገና የተጫወተ የሰፈር ሰው ሁሉ ተለቅሞ ቢቆጠር አስራ ሦስት ነው። የዘመናት ሁሉ ምርጥ አስራ አንድ የሚወጣው ከነዚህ ነው እንግዲህ። መኩሪያ ደብተር ገዝቶ ስንት ዓመት ሞከረው። ሁለቱን ማስቀየም አልሆነለትምና ሳይጨርሰው ሄደ።

ዛሬ ወዳጆቹ ሊጨርሱለት ተነሥተዋል። ሲራክ የቀበሌ ጸሐፊ ነው፤ እጅ ጽሑፉ ያምራል። ስሞቹን በካርቶን ጽፎ፣ መስታወት አስገጥሞ፣ ከመኩሪያ ፎቶ ሥር ሊሰቅለው ለተሾመች ቃል ገብቷል። ውጭ የሚወሰነው ነገር እንግዲህ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ግድግዳዋ ላይ እያየችው የምትኖረው ነው።

«ወርዋሪዎቹን እንጨርስ» አለ ሲራክ። «አምስት ያስፈልጉናል። ሦስት ፈጣን፣ ሁለት አሿሪ።»

«አምስቱም ፈጣን» አለ ዱጉማ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ በረንዳው ጥግ ተቀምጧል።

«ሁሉም ፈጣን ከሆነማ ዱላ ያዡ ይለምደዋል፣ ጋሽ ዱጉማ። ሁለት ፈጣን ካስደነገጠው በኋላ አንድ ዝግ ያለ ሰው ይምጣበት፣ ያኔ ይጠፋዋል፤ ጋሼ መኩሪያ የሚሉት ይሄንኑ ነበር።»

«ዝግ ያለ ሰው ለለቅሶ ነው የሚሆነው።»

ሳቅ መጣ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ሳል ለወጡት።

«ወንድሜ ሁንዴሳ ይግባ» አለ ዱጉማ። «እሱ የወረወራትን ኳስ እስካሁን ያያት ሰው የለም።»

«ሁንዴሳ ክርኑን ያጥፋል። ክንድ ቀጥ ማለት አለበት፤ ደንብ ነው። ጋሼ መኩሪያ ራሳቸው ስንቴ ሰረዙበት።»

«ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ያደገ ሰው ነው። ባያጥፍ ነበር የሚገርመኝ።»

«ክርኔ ምን ሆነ?» አለ ሁንዴሳ ከወደ ኋላ፣ ንፍሮ በሞላው አፉ።

«እሺ፣ ጋሼ መኩሪያን የት ላግባቸው?» አለ ሲራክ። «አሿሪ ናቸው።»

ዱጉማ ጉሮሮውን ጠረገ። «አለቃ ይሁን። እኔ አለቃ አይሁን ወጣኝ? አሿሪ ግን አትበለው። ኳሷን ያሾራት የኔ መሬት ነው። ጓል አለ፣ የአይጥ ጉድጓድ አለ፤ እዚያ ላይ ያረፈች ኳስ መች ቀጥ ብላ ትሄዳለች? ወዳጄን ስለሞተ ብዬ በውሸት አላሞግሰውም። ‹መኩሪያ፣ አለቃ› ብለህ ጻፍ። በቃ።»

ማንም አልተከራከረውም። መሬቱ የእሱ ነው፤ ጓሉን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እቤት ውስጥ የተሾመች ጣቶች ቆሙ።

መኩሪያ ያቺን ቀይ የቆዳ ኳስ ከህንዶቹ ተውሶ መጀመሪያ ይዟት የመጣ ጊዜ በረንዳው ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሲታገላት ከረመ። የሒሳብ አስተማሪው ሚስተር ቫርጊስ አሹራት ብሎታል፤ እንዴት እንደምትሾር ያስረዳው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ተሾመች አጠገቡ ባዘቶዋን ይዛ ትፈትላለች። አንድ ቀን ሳቋ አመለጣት።

«ምን ያስቅሻል?»

«ሽንኩርት የሰረቅህ ነው የምትመስለው። በመዳፍህ ጨምቀሃት እንዴት ትዙርልህ? በጣት ነው እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ የት ታውቂያለሽ?»

እንዝርቷን በአውራ ጣቷና በሁለቱ ጣቶቿ ሹር አድርጋ ለቀቀችው። እንዝርቱ አየር ላይ እየዞረ፣ ክሩን እየሳበ ወረደ። መኩሪያ አንዴ እንዝርቱን፣ አንዴ ጣቶቿን አየ።

«እስቲ ድገሚው» አለ።

ጎረቤት እንዳያየው የግቢውን በር ዘግቶ ያን ቀን ሙሉ እንዝርት ሲያሾር ዋለ። ስንት ክር በጠሰባት። ከዚያ ኳሷን እንደ እንዝርት አስያዘችው፤ ጣቱን በጣቷ እያስተካከለች። በሳምንቱ ኳሷ ሊሾው ላይ ነጥራ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ልጅ የወለዱ ያህል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሱሪ አጠባ መከራ ሆነባት። ከመወርወሩ በፊት ኳሷን ጭኑ ላይ ይፈትጋታል፤ ቀይ ቀለሟ ሱሪው ላይ ይቀራል። የሚፈትገው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጎኗን ብቻ ነው።

«ካጸዳህ አይቀር ሌላውንስ?» ብላው ታውቃለች።

«እንዲያ አይደለም። አንዱ ጎን ማብራት አለበት፤ አንዱ ደግሞ እንደሻከረ ይቅር።»

ህንዶቹ ሊሄዱ ሲሉ በተደረገው የመሰናበቻ ጨዋታ ተሾመች ዳቦ ይዛ ሄዳ ዳር ቆማ ነበር። ሚስተር ቫርጊስ ዱላውን ይዞ ቆመ። መኩሪያ አንዲት ዝግ ያለች ኳስ ላከ፤ ነጠረች፣ ታጠፈች፣ እንጨቶቹ ተበተኑ። ህንዱ ዱላውን ጥሎ መጥቶ አቀፈውና በተሰባበረ አማርኛ «ማነው ያስተማረህ?» አለው። ተሾመች ነጠላዋን አስተካከለች። መኩሪያ ባርኔጣውን አውልቆ «እርስዎ» አለ። የሰውዬው ዓይን እንባ ሞላ።

እቤታቸው በር እስኪደርሱ አላናገረችውም።

«ተቀየምሽ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ።»

«ሰውዬው መሄዱ ነው፣ ተሾ። ደስ ብሎት ይሂድ። ያንቺን ሌላ ቀን ለሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን ሲባል አምስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሳል ሳል ብሎት ተኛና፣ ያንን ቀን ይዞት ሄደ።

ተሾመች ከፍራሹ ተነሣች።

«ወዴት ነው?» አለች ሸዋረገድ ቀሚሷን ይዛ። «የሚፈለግ ነገር ካለ እኔ አለሁ አይደለም?»

«ይሄንን አንቺ አትችይውም።»

በረንዳው ላይ ብቅ ስትል ድንኳኑ በሙሉ ብድግ አለ። በረንዳው ላይ ባለው ጠረጴዛ፣ ከመኩሪያ ፎቶ ሥር የተቀመጠችውን ኳስ አነሣች። በርጩማ ስባ ከዱጉማ ጀርባ አቆመችና በረንዳውን አቋርጣ ወዲያኛው ጥግ ደረሰች።

«ዱጉማ፣ ዱላህን ይዘህ በርጩማዋ ፊት ቁም።»

«ኧረ ተሾመች፣ ተቀመጪ። እኛ እኮ ለክብሩ ብለን...»

«ቁም አልኩህ። የቆምክበት ሊሾ ነው፤ መኩሪያ በእጁ የለሰነው። ጓል ካየህበት ንገረኝ።»

ዱጉማ ጎንበስ ብሎ አየ። ሰውየው ከልቡ ነው የፈለገው፤ በጫማው ጫፍ ጭምር ዳበሰው።

«የለበትም» አለ።

ተሾመች ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ኳሷን በአውራ ጣቷና በሁለቱ ጣቶቿ ይዛ፣ ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ ሹር አድርጋ ለቀቀቻት። ኳሷ ዝግ ብላ መጣች። ዱጉማ ንቋት ዱላውን ብቻ ወደ ፊቷ አቀረበላት። ነጠረች፤ ታጠፈች፤ ዱላውን በጎን አልፋ በርጩማዋን ኳ አደረገቻት።

ዱጉማ ሊሾውን እንደገና በጫማው ጫፍ ዳበሰ።

«እስቲ ድገሚው» አለ ዱጉማ።

ሁንዴሳ ኳሷን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ደገመችው። ዱጉማ አሁን ከልቡ ጠበቃት፤ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ምላሱን ነክሶ። ኳ።

ዱጉማ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ኳሷን ራሱ ሄዶ አነሣት፤ አገላብጦ አያት፣ መልሶም ለተሾመች አቀበላት።

«ማነው ያስተማረሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

አምስት ዓመት አፏ ውስጥ የቆየው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ሰዉ ሁሉ ያያታል። ሲራክ እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። ጠረጴዛው ላይ መኩሪያ ከፎቶው ውስጥ፣ ያችኑ ባርኔጣ እንዳደረገ፣ ልክ የሰረቀው ነገር እንዳለ ሰው ፈገግ ብሏል።

«መኩሪያ» አለች ተሾመች።

ዱጉማ ጭንቅላቱን ብዙ ጊዜ ነቀነቀ። «ሲራክ፣ ‹መኩሪያ፣ አለቃና አሿሪ› ብለህ ጻፍ። አሿሪውን ጎላ አድርገው። ሰውየው ጓሮ ለጓሮ ይሄን የመሰለ ሰው ሲያወጣ እኔ ጓል እቆጥራለሁ።»

«የሚቀነሱት ሁለቱስ?»

«አንዱ እኔ ነኝ። መሬት ሰጥቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። ሁለተኛው ሁንዴሳ ነው፤ ክርኑን ያጥፋል።»

«ክርኔ ምን ሆነ?» አለ ሁንዴሳ።

ተሾመች ቀና ብላ፣ የመጣውን የሰው ዓይን ሁሉ በሙሉ ዓይኗ እየተቀበለች፣ ወደ ቤት ገባች። ሸዋረገድ በሩ ጀርባ ቆማ ጠብቃታለች። አስቀመጠቻትና ጆሮዋ ሥር ገባች።

«ለሃያ ዓመት በአጥሩ ቀዳዳ የማየው ምን መስሎሻል? ማን ማንን እንዳስተማረ አውቃለሁ። ምነው ብትነግሪያቸው?»

«ሰውዬው መሄዱ ነው» አለች ተሾመች። «ደስ ብሎት ይሂድ።»

ኳሷ አሁንም እጇ ላይ ነበረች። ጥቂት አየቻት። ከዚያ ጭኗ ላይ አድርጋ በጥቁሩ ቀሚሷ ቀስ እያለች ትፈትጋት ጀመር፤ አንድ ጎኗን ብቻ።