ግማሽ በግማሽ

ሲስተር ጽጌሬዳ ለቅሶ ቤት ፈገግ ብላ ገባች። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ «ይቺ ደግሞ ሰርግ መሰላት እንዴ?» ብላ አንሾካሾከች። ነርሷ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ዓይኗ ግን እንደሳቀ ቀረ።

ሐረገወይን ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየቻት። ጓደኛዋ ፈህሚያ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሐረገወይን ሦስቱንም ቀን እህል አልቀመሰችም። የራሷን ልጅ ሚስጥርንና የፈህሚያን ልጅ ዐብዱልከሪምን ግራና ቀኝ አቅፋ ተቀምጣለች። የሁለቱ ሕፃናት የመጨረሻ የደም ውጤት በዚህ ሳምንት እንደሚደርስ ከእሷ፣ ከነርሷና ከፈህሚያ ባል ከናስር በቀር ያወቀ የለም።

የአይከሏ ገበሬ ሐረገወይንና የጎንደሯ ጨርቅ ነጋዴ ፈህሚያ የተዋወቁት የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ክሊኒክ ወረፋ ሲጠብቁ ነው። ሁለቱም አራስ ነበሩ፤ ሁለቱም ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ቫይረሱ በጡት ወተት ወደ ሕፃናት እንዳይተላለፍ የሚከላከል ጠብታ ሙከራ እንደተጀመረ ተነገራቸው። ግማሾቹ ጠርሙሶች መድኃኒት፣ ግማሾቹ ጣፋጭ ውሃ ብቻ ናቸው፤ የቱ ለማን እንደደረሰ ግን ነርሷም አታውቅም። ተስማምተው ፈረሙ።

ከግቢው ሳይርቁ ፈህሚያ የሐረገወይንን ክንድ ያዘች።

«የአንዳችን ውሃ ቢሆንስ? እንደባልቀውና እኩል እንካፈል።»

ሐረገወይን ፈራች፤ ፈህሚያን ግን ማን ተከራክሮ ረትቷት ያውቃል? ጠርሙስ በተቀበሉ ቁጥር ሁለቱን በንጹሕ ብርጭቆ ደባልቃ መልሳ ትሞላለች። ሻሽ ስትለካ በጣት ስፋት እንኳ እንደማታዳላ ሁሉ በጠብታም አታዳላም። ጠርሙሶቹን ወደ ብርሃን አንስታ ታስተያያለች፤ እኩል ሲሆኑላት ትስቃለች። ሳንባዋ ታሞ አልጋ ከያዘች በኋላ እንኳ ያን ሳቅ አልተወችውም።

ነርሷ ሐረገወይንንና ናስርን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው።

«ሁለቱም ነጻ ናቸው» አለች በለሆሳስ።

ናስር ጆንያ ላይ ዘጭ አለ። ሐረገወይን እልልታው እንዳያመልጣት ነጠላዋን ነከሰች። እንዲህ ያለ ደስታ እንዲህ ባለ ቀን መምጣቱ አሳፈራት፤ ደስታው ግን አልቀነሰም። ነርሷም ቀጠለች፤ ሙከራው ተዘግቶ ቁጥሮቹ ተገልጠዋል፤ የዐብዱልከሪም ጠርሙስ እውነተኛው መድኃኒት፣ የሚስጥር ውሃ ኖሯል።

ሐረገወይን ወደ ናስር ዞረች።

«ወንድሜ ናስር፣ የልጅህን መድኃኒት ግማሹን የጠጣችው ልጄ ናት። እየደባለቅን ነበር የምንካፈለው። ምነው ያኔ እምቢ ባልኳት!»

የነርሷ ፈገግታ ጠፋ። ግማሽ መድኃኒት ሁለቱንም ሊያሳጣ ይችል እንደነበር፣ ያተረፋቸው ዕድል እንደሆነ፣ ይህንንም መዝገብ ላይ ሳታሰፍር እንደማታልፍ በቁጣ ነገረቻት። ሐረገወይን የሰማቻት አይመስልም፤ የምታየው ናስርን ነው። ከእንግዲህ ልጁን የሚነጥቃት መስሏታል።

ናስር ቀና ብሎ ጠየቃት።

«ፈህሚያ የትኛው የማን እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«ማናችንም አናውቅም ነበር።»

«ብታውቅም ትከፍለው ነበር» አለ። እንባው እየወረደ ሳቀ። ከዚያ ለለቅሶተኛ ከቀረበው ተምር አንድ አንስቶ እጇ ላይ አኖረላት። «ብዪ እንጂ፣ እህቴ። ልጆቻችንን ማን ሊያሳድግ ነው?»

ሐረገወይን ወደ ልጆቹ ተመለሰች። ተምሩን ለሁለት ከፍላ ፍሬውን አወጣች። ግማሾቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አስተያየች። አንዱ ተለቅ አለባት፤ ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ ዋጠችና አስተካክላ ሁለቱንም አጎረሰቻቸው።