ከማጠራቀሚያው በታች

እህቴ የልብስ እጥበት ቤቷን ዛሬ ልትለቅ ነው። ቤቷ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ እኔ ከምጠብቀው የውሃ ማጠራቀሚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ውሃው በራሱ ክብደት ስለሚወርድ፣ ማጠራቀሚያው ሲጎድልም ለታችኛው ሰፈር ይደርሳል፤ እሷ ጋ ግን ጠብ አይልም።

«ወንድሜ ውሃ ላይ ተቀምጦ እኔ ሥራ ልፍታ?» አለችኝ ጠዋት፣ ማጠቢያ ማሽኗን በገመድ እያሰረች። ቀልዷ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ሻከረብኝ።

ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ ቢያድርም ማጠራቀሚያው አልሞላም። ውሃው የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። የታችኛው ሰፈር ሰው ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ባልዲ ደቅኖ ነው የሚተኛው፤ ሲመጣ በድምፁ እንዲነቃ። ውሃው ይመጣል፣ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ባለቤቱ ያንኮራፋል።

ወርጄ በየበሩ «ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ዝጉልኝ» አልኩ።

«ከዘጋነው መምጣቱን በምን እናውቃለን? በህልም?» አለ አናጢው።

«እኔ እነግራችኋለሁ።»

«አንተማ እህትህ ጋ ሲደርስ ትረሳናለህ!»

ሰዉ ሳቀ። አልፈረድኩባቸውም፤ ቃል ተገብቶላቸው ደርቀው የቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያዳኑኝ ሴትዮ «ሬዲዮ» ይባላሉ፤ ወሬ ስለማያልፋቸው የወጣላቸው ስም ነው። «ና እስቲ አንተ ልጅ፣ እዚያ ማጠራቀሚያው ላይ የሚታየው ቀይ ምልክት ምንድን ነው?»

«መለኪያው ነው እትዬ። ውስጥ ካለው ተንሳፋፊ ጋር በገመድ ስለታሰረ፣ ውሃው ከፍ ሲል እሱ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ተገልብጦ? ይሁን። ከበረንዳዬ አየዋለሁ፤ ታች ሲደርስ እጮሃለሁ። ሁላችሁም ዝጉ!»

«ለዛሬ መጮህ ተፈቅዶልዎታል» አለ አናጢው፤ ቀድሞ የዘጋው ግን እሱ ነው።

ተመልሼ ወጣሁ። ምልክቱ መጀመሪያ የቆመ መሰለኝ፤ ቆይቶ በዝግታ መውረድ ጀመረ። ከቀትር በኋላ የሬዲዮ ድምፅ ኮረብታውን ወጥቶ ደረሰኝ። እህቴ ጋ እየሮጥኩ ሄድኩ። ቧንቧዋ አየር ተፋ፣ አጉረመረመ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ አንጠባጠበ፤ ከዚያ ጠርቶ ወረደ።

ቤቱን ሊረከቡ የመጡት አከራይ በሩ ላይ ቆመው አዩ። «የዛሬስ ይሁን፣ ነገስ?»

ከታች ሬዲዮ እንደገና ጮኹ፦ «ባልዲው የሞላለት ይዝጋ! አናጢ፣ አንተን ነው!»

«ሰሙ ጋሼ?» አለች እህቴ፣ የማሽኑን ገመድ እየፈታች። «በሉ አሳልፉኝ፤ ብዙ አንሶላ አለብኝ።»